ሶማሌ ተራ፣ ሪሌ እና «ዳይሬክት»

«ለአዲስ አበባ ደግሞ ኤሲ ምን ያደርግላታል?» ያላለን ሰው የለም። ነገሩ እውነት ይመስላል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት፤ መስኮት ዝቅ ካደረጉ እንጦጦ ራሱ በነፃ ይነፋል። ይህን የሚሉን ሰዎች ግን ሐምሌ ላይ አምስት ሆነው አንድ መኪና ውስጥ ተቀምጠው አያውቁም ማለት ነው። ዝናቡ ከውጭ ይወርዳል፣ የአምስት ሰው ትንፋሽና የረጠበ ጃኬት ከውስጥ ይተናል፣ መስታወቱ ነጭ ይሆናል። ሾፌሩ በአንድ እጁ መሪ፣ በሌላው ሶፍት ይዞ መስታወት እየወለወለ ከአብነት ወደ ተክለሃይማኖት ይነዳል። (ጋቢና የተቀመጠው ደግሞ «በቀኝ ማንም የለም፣ ሂድ!» እያለ ረዳት ይሆናል።)

ኤሲ ማለት ብርድ ብቻ አይደለም። አየሩ በቀዘቀዘው ቱቦ ላይ ሲያልፍ እርጥበቱን እዚያው ይጥላል፤ ኤሲ የበራበት መኪና ከሆዱ ሥር ውሃ የሚያንጠባጥበው ለዚህ ነው። ከዚያ የደረቀው አየር በማሞቂያው ላይ አልፎ መስታወቱ ላይ ሲነፋ ጉሙ በደቂቃ ውስጥ ይጠፋል። ማለትም ማቀዝቀዣውና ማሞቂያው ባላንጣዎች ሳይሆኑ ባልና ሚስት ናቸው። ለክረምት መንጃ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ወደ አዋሽ ወይም ወደ ድሬዳዋ ሲወረድ ምን እንደሚያስፈልግ ደግሞ ለወጣበት ሰው መንገር አያሻም።

እኛ አራት ጓደኛሞች በጋራ አንዲት ኮሮላ አለችን። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ የተሠራች፣ ከእኛ በፊት ስንት እጅ እንዳለፈች እሷ ብቻ የምታውቅ ናት። ማሞቂያዋና ኤሲዋ ባለፈው ክረምት ሁለት ዓይነት አመል አመጡ። ማራገቢያው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ላይ ዝም ይላል፤ አራት ላይ ግን እንደ አውሮፕላን ይጮኻል። የኤሲው ቁልፍ ደግሞ መብራቱ ይበራል፣ ኮምፕረሰሩም ይሽከረከራል፣ የሚመጣው አየር ግን ለብ ያለ ነው። የጠየቅናቸው ሁሉ አንድ መልስ ሰጡን፦ «ሶማሌ ተራ ሂዱ።»

የመኪና ቄራ

መርካቶን በአንድ ቃል ልንገራችሁ የሚል ሰው አትመኑ። እንኳን መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ብቻዋን አንድ አገር ናት። በር እንደ ቁርጥ ሥጋ ተሰቅሏል፣ ፓራውልት እንደ ጎድን ተደርድሯል፣ ስፖኪዮ እንደ ኩላሊት ጥንድ ጥንዱን ተቀምጧል። (የራሳችሁን ስፖኪዮ መልሳችሁ ልትገዙ የምትችሉበት ሰፈር መሆኑን የሚያውቅ ያውቃል።) ከእነዚህ መሐል፣ ዓይን የማይገባባት አንዲት ዕቃ አለች፦ የማሞቂያና የኤሲ መቆጣጠሪያ። ሦስት መዞሪያ፣ አንድ ቁልፍ፣ ከኋላዋ ደግሞ ባለ ብዙ ቀለም ሽቦ።

ባለ ሱቁ መጀመሪያ የጠየቀን ሞዴሉን ነበር። ሁለተኛው ጥያቄ ግን «ከነጅራቱ ነው ያለጅራቱ?» የሚል ነው። ጅራት የሚለው ከሶኬቱ ጋር ተቆርጦ የመጣውን የሽቦ ቁራጭ ነው። መኪናውን የበለተው ሰው ሶኬቱን በትዕግሥት ነቅሎ ከሆነ ዕቃው ጅራት የለውም፤ በፒንሳ ቀጭ አድርጎት ከሆነ አለው። ገበያው ችኮላን የሚወድድበት አንድ ምክንያት ይህ ነው፤ ሶኬቱ ለተቃጠለበት ሰው ጅራት ያለው ዕቃ ይሻለዋል፣ ሽቦ በሽቦ ይቀጥልበታልና።

እኛ ግን ዕቃውን አልገዛንም። ባለ ሱቁ ራሱ «አለቃ፣ መጀመሪያ አሳዩት፣ ዝም ብላችሁ አትግዙ» ብሎ ወደ አንድ ኤሌትሪሺያን መራን። ስሙን አንጠራም፤ እሱም አይፈልግም። ዕድሜው የእኛው ነው። ስናገኘው ግን የምናየው እግሩን ብቻ ነበር፤ ጭንቅላቱ የሌላ ሰው ዳሽቦርድ ሥር ነበረች።

አራተኛው ለምን ብቻውን ይሠራል?

ጣጣችንን ገና ሳንጨርስ «ሬዚስተሩ ነው» አለ። መኪናዋን አላያትም። እንዴት አወቅህ ስንለው የነገረን ነገር የትኛውም የፊዚክስ መምህራችን በዚህ መልኩ አልነገረንም።

ማራገቢያው አንድ ሞተር ነው። ፍጥነቱ የሚቀየረው ኤሌትሪኩ በሚያልፍበት መንገድ ነው። አንድ ቁጥር ላይ ኤሌትሪኩ ረጅሙን የመከላከያ ሽቦ ያቋርጣል፣ ይደክማል፣ ሞተሩም ቀስ ይላል። ሁለት ላይ አጠር ያለውን፣ ሦስት ላይ ከዚያም ያጠረውን። አራት ላይ ግን ሬዚስተሩን ጭራሽ አያገኘውም፤ በጎን ያልፋል። ስለዚህ ሬዚስተሩ ሲቃጠል ሦስቱ ይሞታሉ፣ አራተኛው ይተርፋል። አራቱም ከሞቱ ጥርጣሬው ወደ ፊውዝ፣ ወደ ሪሌ፣ ወደ ሞተሩ ወይም ወደ መዞሪያው ይሄዳል።

ሬዚስተሩ ያለው ነፋሱ በሚያልፍበት ቦንቧ ውስጥ ነው፤ ሆን ተብሎ። ሥራው ኤሌትሪክን ወደ ሙቀት መቀየር ስለሆነ ራሱ ማራገቢያው እንዲያቀዘቅዘው ነው። ማራገቢያው በአቧራና በቅጠል ከከበደ ግን ብዙ ኤሌትሪክ ይስባል፣ የሚነፋው ነፋስ ደግሞ ይቀንሳል፤ ሬዚስተሩ በሁለት በኩል ይጠበሳል። ልጁ ጋቢና ፊት ያለውን የዕቃ ሳጥን አውርዶ እጁን ሰደደና አንድ እፍኝ የባሕር ዛፍ ቅጠል አወጣልን። «እናንተ ይህንን ሳትጠርጉ አዲስ ሬዚስተር ብገጥም በወሩ ትመለሳላችሁ» አለ። ቅጠሉን ጠርጎ፣ ሞተሩን በእጁ አዙሮ ቀሎ መዞሩን አይቶ፣ ከዚያ ነው ሬዚስተሩን የቀየረው።

ከዚያ መፈተሻውን አወጣ። ከፍሬቻ አምፖልና ከሁለት ቁራጭ ሽቦ ራሱ የሠራት ናት። አንዱን ጫፍ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጋር አያያዘና በሌላው ሽቦዎቹን እየነካ «ይሄ ነጩ ላይ ጥቁር መስመር ያለው ኔጌቲቭ ነው፤ ቶዮታ ላይ ሁሌም እሱ ነው» አለን። አምፖሉ በራ። በኋላ እንዳረጋገጥነው፣ ቶዮታ በንድፎቹ ላይ ለመሬት የሚጠቀምበት ቀለም በእርግጥም ነጭ ከጥቁር ጋር ነው። ልጁ ግን ንድፍ አይቶ አያውቅም። ከስንት መቶ ዳሽቦርድ ሥር ተጋድሞ ያጠናው ነው።

ሪሌውንም አስተማረን። ማራገቢያው በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ወደ 20 አምፔር ሊጠጋ ይችላል። ይህን ሁሉ ኤሌትሪክ በመኪናው ቁልፍ በኩል ማሳለፍ ቁልፉን መጥበስ ነው። ስለዚህ ከቁልፉ የሚመጣው ቀጭን ሽቦ ሪሌ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ጥቅል ብቻ ይቀሰቅሳል፤ እሷ ማግኔት ሆና ወፍራሙን መንገድ «ጣ» አድርጋ ትዘጋለች። ሶማሌ ተራ በየሱቁ ያለው ተራ ሪሌ ላይ 30፣ 85፣ 86 እና 87 የሚሉ ቁጥሮች አሉ። 30 ከባትሪ ይመጣል፣ 87 ወደ ሥራው ይሄዳል፣ 85 እና 86 የጥቅሏ ሁለት ጫፎች ናቸው። ይህን አራት ቁጥር የሚያውቅ ሰው ሶማሌ ተራ ላይ ማንም አያታልለውም ባንልም፣ ቢያንስ ሲታለል ይገባዋል።

አምስት ቢሮ፣ አምስት ማኅተም

የኤሲው ጉዳይ ግን ሌላ ዓለም ነው። ኮምፕረሰሩ ዝም ብሎ አይነሳም። ፈቃድ ይጠይቃል። የመጀመሪያው ቢሮ ማራገቢያው ነው፤ እሱ ካልበራ ኤሲ የለም፤ ነፋስ የማያልፍበት ቱቦ በረዶ ይሠራልና። ሁለተኛው የኤሲው ቁልፍ ነው። ሦስተኛው ቅዝቃዜውን የሚለካው ስስ ሽቦ ነው፤ ቱቦው ሊረጋ ሲል «በቃ» ይላል። አራተኛው የግፊት መቆጣጠሪያው ነው፤ ጋዙ ካነሰ ወይም ግፊቱ ከበዛ አይፈርምም። አምስተኛው ሪሌው ነው። አምስቱም ከፈረሙ ኮምፕረሰሩ ፊት ያለው ማግኔት ይይዛል፣ «ጣ» ይላል፣ ሥራ ይጀመራል። ከአምስቱ አንዱ ሻይ ከወጣ ሁሉም ይቆማል። ወረዳ ጉዳይ ያለው ሰው ይህን አሠራር ያለ መካኒክ ይረዳዋል።

ከእኛ በፊት መኪናዋን የነካ አንድ ባለሙያ ታዲያ መፍትሔ አግኝቶ ነበር። አራተኛው ቢሮ አልፈርምም ሲለው ሁለቱን ሽቦ ነቅሎ እርስ በርስ ጠምዝዞ በፕላስተር ጠቅልሎታል። ፊውዙ ደጋግሞ ሲቃጠልበት ደግሞ በፊውዙ ቦታ ቁራጭ ሽቦ ሰክቷል። የዚህ ጥበብ ስም «ዳይሬክት» ነው። ሶማሌ ተራ ብቻ አይደለም፣ አዲስ አበባን ሙሉ የሚያውቃት ቃል ነው። ፓምፑ አልነሳም? ዳይሬክት አድርገው። ቆጣሪው አስቸገረ? ዳይሬክት አድርገው። ጉዳይህ አላልቅ አለ? ሰው የለህም እንዴ፣ ዳይሬክት አድርገው።

እኛ ዳይሬክትን ዝም ብለን አናወግዝም። መንገድ ላይ፣ በሌሊት፣ ከሰው ርቆ ለቆመ ሰው ዳይሬክት ነፍስ ነው። ችግሩ ዳይሬክት ሲያድር ነው። ልጁ እንዳስረዳን የግፊት መቆጣጠሪያው የማይፈርመው ጉቦ ፈልጎ አይደለም፤ ጋዙ አንሶ ነው። ኮምፕረሰሩን የሚያለሰልሰው ዘይት የሚዞረው ከጋዙ ጋር ነው። ጋዝ ከሌለ ዘይቱ አይመለስም፣ ኮምፕረሰሩ ደርቆ ራሱን ይበላል። ፊውዙም እንደዚሁ። ፊውዝ ማለት ሆን ተብሎ ደካማ የተደረገ ሽቦ ነው፤ ሌላው እንዳይቃጠል እሱ ይቃጠላል። እሱን በወፍራም ሽቦ ሲተኩት፣ ቀጣዩ ደካማ ሽቦ የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ዳሽቦርዱ ሥር ጭስ ሲነሳ ነው። መርካቶ ደግሞ እሳትን በወሬ የምታውቅ ሰፈር አይደለችም፤ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት ሸማ ተራ ላይ የተነሳው እሳት የስንቱን ቤተሰብ ጥሪት በአንድ ሌሊት እንደበላ ዓይናችን አይቷል።

ልጁ ታዲያ ምን አደረገ? ጥምዝዙን ፈታ፣ የግፊት መቆጣጠሪያውን መለሰ፣ ቁራጭ ሽቦውን ነቅሎ ልኩን ፊውዝ ሰካ። ኤሲውን ስናበራ ኮምፕረሰሩ ጭራሽ አልነሳም! ከመሐላችን አንዱ «እንዴ፣ ቅድም እንኳ ይዞር ነበር» አለ። ልጁ ሳቀ፦ «አሁን ነው የተሠራው። ጋዝ የለኝም እያላችሁ ነው።» እንግዲያው ጋዝ ሙላልን አልነው። «ቀዳዳ ጀሪካን ትሞላላችሁ እንዴ? መጀመሪያ የሚያፈስበትን ፈልጉ።» የሚያፈሰው አንድ ያረጀች የላስቲክ ቀለበት ሆና ተገኘች። እሷ ተቀየረች፣ ጋዙ ተሞላ፣ አምስቱም ቢሮ ፈረመ።

የሚያስቀው ነገር፣ ከፋብሪካ ተገጥሞ የወጣው የመጀመሪያው የመኪና ኤሲ ራሱ ዳይሬክት ነበር። ፓካርድ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለ1940 (እ.ኤ.አ.) ሞዴሉ ኤሲ ከፋብሪካ ገጥሞ ሲያቀርብ ዳሽቦርዱ ላይ ማጥፊያ ቁልፍ አልነበረውም። በቃኝ ያለ ሰው ሞተሩን አጥፍቶ፣ ኮፈኑን ከፍቶ፣ የኮምፕረሰሩን ቀበቶ ያወልቅ ነበር። ናሽ የሚባለው ሌላው ኩባንያ በ1954 (እ.ኤ.አ.) ማሞቂያውንና ማቀዝቀዣውን አንድ ላይ አድርጎ ከዳሽቦርዱ ላይ የሚታዘዝ አደረገው። ከቀበቶ ማውለቅ ወደ ቁልፍ መጫን የተደረሰው እነዚያ አሰልቺ ቢሮዎች አንድ በአንድ በመጨመራቸው ነው።

ቀለም ሲዋሽ

ሶማሌ ተራ ላይ ቋንቋውም የተቀጣጠለ ሽቦ ነው። ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ኮፈን፣ ፍሬቻ፣ ፓራውልት፣ ፍሪሲዮን የጣሊያን ናቸው። መርካቶ የሚለው ስም ራሱ የጣሊያን ነው፤ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከተማዋን የያዙት ጣሊያኖች የአራዳን ገበያ ለነጮች አስቀርተው የአገሬውን ሰው ወደ አዲስ ከተማ ሲገፉት የተሰጠ። ሪሌ፣ ፊውዝ፣ ሶኬትና ኮምፕረሰር የእንግሊዝኛ ናቸው። ስለ አሮጌው ብረት በጣሊያንኛ፣ ስለ ኤሌትሪኩ በእንግሊዝኛ፣ ስለ ዋጋው ደግሞ ባማረ አማርኛና ጉራጊኛ ይወራል።

ልጁን ያስቸገረው ግን ቋንቋ አይደለም፣ ቪትዝ ነው። ቪትዝ የሚለው ስም የጃፓን ገበያ ስም ነው፤ በሌላው ዓለም ያሪስ ይባላል። ጃፓን መሪዋ በቀኝ ነው፤ እኛ ጋ በግራ። ስለዚህ ከእነዚህ መኪኖች ብዙዎቹ መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ ተዛውሮ ነው የመጡት። መሪ ሲዛወር ዳሽቦርዱ ይገለበጣል፤ ዳሽቦርዱ ሲገለበጥ የማይደርሱ ሽቦዎች በተገኘው ቀለም ይቀጠላሉ። «ከዚህ ሰማያዊ ሆኖ ይገባል፣ በዚያ ቀይ ሆኖ ይወጣል፤ መሐል ላይ ምን እንደሆነ የሚያውቀው የቀጠለው ሰውዬ ብቻ ነው» ይላል ልጁ። የሚያምነው አምፖሉን ብቻ ነው።

ብርቱካናማው ሽቦ

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መታገዱ ተነገረ። ለሶማሌ ተራ የዚህ ትርጉም ሁለት ነው። ያሉት አሮጌ መኪኖች ይበልጥ ያረጃሉ፣ ይበልጥም ይጠገናሉ፤ ይህ ሥራ ነው። አዲስ የሚገቡት ግን በኤሌክትሪክ የሚሄዱ ናቸው፤ ይህ ሥጋት ነው።

የቤንዚን መኪና ማሞቂያ በነፃ ነው። ሞተሩ ያፈላውን ውሃ ጥቂቱን ወደ ውስጥ አዙሮ ነፋስ ያሳልፍበታል። (ቴርሞስታት አውጥቶ የሚጥል መካኒክ ያላችሁ፣ ማሞቂያችሁ ለምን ለብ እንደሚል አሁን ገባችሁ፤ ውሃው ሳይሞቅ ይዞራል።) የኤሌክትሪክ መኪና የሚፈላ ሞተር የለውም። ማሞቂያው እንደ ኤሌትሪክ ምጣድ ከባትሪው ይስባል፤ ኮምፕረሰሩም ቀበቶ የለውም፣ ከዚያው ባትሪ ይነዳል። ያ ባትሪ ደግሞ 12 ቮልት አይደለም፤ በአብዛኞቹ ከ300 ቮልት በላይ ነው። ሽቦዎቹ ብርቱካናማ ቀለም የተቀቡት «አትንካኝ» ለማለት ነው። ማራገቢያው፣ መዞሪያውና መብራቶቹ ግን ዛሬም በ12 ቮልት ይሠራሉ። ማለትም የልጁ ዕውቀት እስከ ብርቱካናማው ሽቦ ድረስ ይሠራል፤ ከዚያ ወዲያ ያቺ የፍሬቻ አምፖል ነፍስ ታስከፍላለች።

ይህን እሱም ያውቀዋል። «እሱን አልነካም» አለን። «ግን ነገ ከነገ ወዲያ የሚመጣው ሁሉ እሱ ከሆነ ምን ልነካ ነው?»

ይህ ጥያቄ የእሱ ብቻ አይደለም። እንደ እሱ ያሉ ልጆች ያለ ንድፍ፣ ያለ መጽሐፍ፣ ያለ መምህር፣ ጀርባቸው ላይ ተኝተው ያጠኑት ዕውቀት የትም አልተጻፈም። ከታላቅ ወደ ታናሽ በዓይንና በጆሮ ነው የሚያልፈው። እስከ 12 ቮልት ድረስ በመሳሳት መማር ይቻላል፤ ብልጭ ይላል፣ ትደነግጣለህ፣ ታውቃለህ። በ300 ቮልት ግን መሳሳት ሁለተኛ ትምህርት የለውም። ይህን ክፍተት ማንም «ዳይሬክት» ሊያደርገው አይችልም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንላለን። አንደኛው ለእናንተ ባለ መኪናዎች፦ ኤሌትሪሺያን ቤት ስትሄዱ «ቶሎ ጨርስልኝ» ከማለታችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። ፊውዙ ስንት አምፔር ነው፣ በመኪናው ክዳን ላይ ከተጻፈውስ ጋር ይገጥማል? ዳይሬክት ያደረግከው ነገር አለ ወይ? የነቀልከውን ዕቃ አሳየኝ። ጥሩ ባለሙያ በእነዚህ ጥያቄዎች አይቆጣም። የእኛው እንዲያውም ደስ አለው።

ሁለተኛው አምስት ኪሎ ግቢ ኤሌክትሪካል የምትማሩ ወዳጆቻችን ናችሁ። የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ አጣን እያላችሁ ስትጨነቁ እንሰማለን። እስቲ አንድ ወር ሶማሌ ተራ ተቀመጡ። የሚያውቁትን በአማርኛ ጻፉላቸው፣ ንድፉን ሣሉላቸው፤ የማያውቁትን ብርቱካናማ ሽቦ ደግሞ በምን ጓንት፣ በምን መለኪያ፣ ምን ቀድሞ ነቅሎ መቅረብ እንደሚቻል አስተምሯቸው። እኛ የኮሮላችንን የማሞቂያና የኤሲ ሽቦ ከልጁ አፍ እየሰማን በአንድ ወረቀት ላይ ሥለነዋል። አንዱን ቅጂ ለእሱ ሰጠነው። ላሚኔት አስደርጎ ሱቁ በር ላይ ሰቅሎታል፤ ሁለት ቦታ ደግሞ በእስክሪብቶ አርሞታል።